የቅሬው መጽሐፍ፣ ገጽ 131

አርዲቦ ዳር፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሒክማ ሰዑድ፣
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከሙቀቱም ከክፉ አሠሪም ይከልልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው መጽሐፌ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እናትሽ ኑርሀያት፣ አላህ ይዘንላትና፣ አሥራ ስድስት ዓመት በኔ ጣራ ሥር ስትኖር አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። አንቺ ከማን እንደወረስሽው አላውቅም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንነጋገረው በወረቀት ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ባጃጅ ይዤ ሐይቅ ከተማ እወርዳለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሱረያ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። የአንቺንም እያተመች ትሰጠኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የላክሽውን የስምና የገጽ መጠቁም አየሁት። ከመጽሐፉ ጀርባ የሚገባው እሱ ከሆነ መጽሐፉ ጀርባ ባይኖረው ይሻላል። «ይማም፣ ኡስማን» ይላል። ኡስማን እኔ ነኝ። ይማም አባቴ ነው፤ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። የሞተውን ከፊት፣ ያለውን ከኋላ ማሰለፍ የየት አገር ሥርዓት ነው? ጎረቤቴ ዝናው ጌታሁን «ጌታሁን፣ ዝናው» ሆኖ ቁጭ ብሏል። ብነግረው እስኪያስለው ሳቀና «አባቴን ከመቃብር አስነስታ ዶማ ልታስይዘው ነው እንዴ!» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እወቂ፣ ሒክማ። ቅሬያችን እስላም ክርስቲያኑን እኩል ሲቀብር ስድሳ ዓመቱ ነው። አርባ አንዱን ዓመት መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰው ይህን መጽሐፍ የሚፈልገው ለኔ ወግ ብሎ አይደለም። ከኋላ ገልጦ የአባቱን ስም ፈልጎ፣ መቼ እንደተቀበረ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳረፈ፣ ማን እንደቆፈረለት ሊያይ ነው። መጠቁሙ ከተበላሸ መጽሐፉ ምን ያደርግለታል? ደሴ ያለው ማተሚያ ቤት እስከ ጥር ካላስገባችሁ ወረፋው ያልፋችኋል ብሏል። አስተካክይና ላኪ።

አጎትሽ
ኡስማን ይማም፣ የቅሬው ጸሐፊ


ሻርጃ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለኡስማን ይማም፣

ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ለጋሽ ዝናውና ለእትዬ አሰገደች ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ስልኩን ስለዘጋሁብዎ አውፍ ይበሉኝ። ግን «አረብ አገር ወለል ስትወለውዪ ኖረሽ ዛሬ መጽሐፍ ልታስተምሪኝ» ሲሉኝ ከስልኩ ሌላ የምዘጋው ነገር አልነበረኝም። አዎ፣ ወልውያለሁ። የወለወልኩት የዚሁ የመጽሐፍ ማሰናጃ ቢሮ ወለል ነው፤ ሦስት ዓመት። ቀጥሎ ሻይ አፍይ ሆንኩ። ቀጥሎ አንዲት ሶሪያዊት ሴትዮ ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ቁጥር እንዳነብላት አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዛሬ ወንበሯ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የሰው መጽሐፍ ጀርባ እየሠራሁ ነው እንጀራ የምበላው።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ፤ ማሽን ላይ ጭና ትተኛለች ብለው እንዳያስቡ። ስንጽፍበት የምንውለው ፕሮግራም የራሱ መጠቁም መሥሪያ አለው፤ ስሙ ላይ ምልክት ማድረግ ነው፣ ገጹ ሲዛወር ቁጥሩም አብሮ ይዛወራል። ለአጭር ጽሑፍ ይሆናል። የስም ዝርዝር ሲሰጡት ራሱ እያደነ የሚያመጣም አለ። እሱን ሞከርኩት። «ኡስማን» ብዬ ብልከው አንቱንም፣ ወፍጮ ቤት የነበረውን ኡስማንንም፣ በጨቅላነቱ የሞተውንም ኡስማን አንድ ላይ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቃል እንጂ ሰው አያውቅም። ስለዚህ የመጠቁም ባለሙያዎቹን ፕሮግራም ያዝኩ። እሱ ምንም አያድንም። እኔ ነኝ ገጽ በገጽ እያነበብኩ ስሙን፣ ከስሙ ሥር ጉዳዩን፣ ከጉዳዩ ጎን ገጹን የማስገባው። እሱ በፊደል ተራ ይደረድራል፣ የተደገመውን ያዋህዳል፣ የጎደለ ካለ ያሳብቃል። የአባት ስም ያስቀደመው የፈረንጅ ልማዱ ስለሆነ ነው። አንድ ቦታ ነክቼ አስተካክየዋለሁ። አንቱ «አ» ላይ ነዎት፤ አያቴም በሰላም ተኝተዋል።

ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሁለት ጉዳይ አድርጌያለሁ፤ «የቆፈረ» እና «ቀብሩ»። ሰው የማንን መቃብር እንደቆፈረና የራሱ ቀብር የት እንደተጻፈ ወዲያው እንዲያገኘው ብዬ ነው። ትናንት ሥራዬን ልፈትሽ ብዬ ቀብራቸው ያልተጻፈውን አሳየኝ አልኩት። አርባ ስም አወጣ። ሠላሳ ዘጠኙን አውቃቸዋለሁ፤ በሕይወት ያሉ ናቸው፣ አንቱንም ጨምሮ፣ አላህ ያቆይልኝ። አርባኛው ሰዑድ ይማም ነው።

አባቴ በገጽ 14፣ 22፣ 41፣ 60 እና 77 የሰው መቃብር ይቆፍራል። ከዚያ ወዲያ የለም። አልፌው ይሆናል፤ ሲመሽ ዓይኔ ይደክማል። ቀብሩ ያለበትን የገጽ ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሒክማ


አርዲቦ ዳር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒክማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሥራሽን ያቅናልሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነበር፤ ወፍ ግን አላስቀምጥ አለን። ሐይቁ ዳር ያለውን መሬት ውሃ ገፍቶ ወስዶብናል። ዝናው ሳሉ ጠንቶበታል፤ ሚስቱ አሰገደች ማር በነጭ ሽንኩርት ታጠጣዋለች። ሰላም ብለውሻል።

ስሜ ወደ ቦታው በመመለሱ ደስ ብሎኛል። ሆኖም «ወፍጮ ቤት የነበረው» የሚለውን ከዚያኛው ኡስማን ስም ሥር አውጭው፤ ልጆቹ አይወዱትም። የአምሳሉም ስም ሁለት ቦታ ገብቷል። ደግሞ ፊደሉ ደቆብኛል። እኔ ዕድሜ የተጫነው ሰው ነኝ፤ አንባቢዎቼም እንደኔው ናቸው።

አባትሽን በሚመለከት፣ ጦርነቱ ሲመጣ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ማሽላው ማሳ ውስጥ ቀብሬው እንደነበር ታውቂያለሽ። ስድስት ወር መሬት ውስጥ ቆይቷል። የ1991ን ገጾች እርጥበት አግኝቷቸዋል። ስሙ አምስት ቦታ አለ፤ ለአንድ ሰው ይበቃዋል። አሁን ሥራሽን ቶሎ ጨርሽ፤ ጊዜው እየሄደ ነው።

አጎትሽ ኡስማን


ሻርጃ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኡስማን ይማም፣

ወዓለይኩሙሰላም።

ስለ ማሽላው አልሐምዱሊላህ። ስለ ሐይቁ አዝኛለሁ። ጋሽ ዝናውን አላህ ይማራቸው። ሰላምታው አለቀ።

የ1991ን መዝገብ እርጥበት አላገኘውም። አምና የሁሉንም ገጽ ፎቶ ልከውልኛል፤ እፊቴ አለ። ዘጠኝ ቀብር ተጽፏል፤ በገጽ 84፣ 85 እና 86 የገባው እሱ ነው። ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በጥርና በግንቦት መካከል አንድ ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል። እርጥበት ምላጭ አይዝም፣ አጎቴ።

ገና አልጨረስኩም። በ2010 ለዕረፍት ስመጣ የአባቴን መቃብር አሳዩኝ ብዬዎት ነበር። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከአያቴ ቀጥሎ ካለው የድንጋይ ክምር አጠገብ አቆሙኝ። «እዚህ ነው ወንድሜ» አሉኝ። ፋቲሃ ቀራሁ። ተንበርክኬ ድንጋዩን በእጄ ዳበስኩት። አንቱ ከኋላዬ ቆመው ፋቲሃ አልቀሩም፤ ሐዘን የጎዳዎት መስሎኝ አሳዘኑኝ። አሁን የገዛ መጽሐፍዎን ገጽ 97 ልጥቀስልዎ። «ኢምራን በ1996 ዓ.ም. በሦስተኛው ረድፍ ከይማም መቃብር ቀጥሎ ተቀበረ።» መጠቁሙ ላይ «ሦስተኛ ረድፍ» ብዬ ስፈልግ አንድ በአንድ ተሰልፈው መጡ። አያቴ አሉ። ኢምራን አለ። አባቴ የለም።

ለኢምራን ነው ያለቀስኩት? ሰው እንዴት የወንድሙን ልጅ ባዕድ መቃብር ላይ ያንበረክካል? እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ጀርባው ላይ አዝሎኝ ሐይቁ ዳር እንደሄደ ብቻ ነው። ሌላ ነገር የለኝም። ያቺን ድንጋይ ይዤ ሰባት ዓመት ኖርኩ፤ እሷንም ሐሰት አደረጉብኝ። መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልለው ቀብረው አዳኑት። ወንድምዎን የት ነው የቀበሩት?

መልሱ እስኪመጣ አንድ ስም አልጨምርም።

ሒክማ ሰዑድ ይማም


አርዲቦ ዳር፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሒክማ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሱረያ አትማ ስትሰጠኝ ፊቷን አዙራ ነው። እንዳነበበችው ገባኝ። የቤታችንን ነገር ሐይቅ ከተማ ድረስ አወጣሽው፤ እሰይ፣ ደግ አደረግሽ!

ማነው ያሳደገሽ? አራት ዓመት ሆኖሽ እናትሽ እጅሽን ይዛ ደጄ ስትቆም በሩን የከፈተ ማነው? ደብተር የገዛ፣ ኩፍኝ ሲይዝሽ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰ፣ እንግሊዝኛ አይገባኝም ስትዪ መምህር የለመነ ማነው? ዛሬ የምትመረምሪኝ እኔ ባስተማርኩሽ ፊደል ነው። ቅሬ የራሱ ገመና አለው። ቅሬ ያለ ምሥጢር አይቆምም። ሽማግሌዎች ያሉትን ብለው አልፈዋል፤ አንቺ ከአረብ አገር ሆነሽ በአንድ ፕሮግራም የሞቱትን ልትጠይቂ አትችይም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፣ ሞኟ አንቺ ነሽ።

ደሴ የሚኖረው የዘመዳችን የሰሚሃ ባል ኮምፒውተር ያውቃል። በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፣ በአንድ ቀን እጨርስልዎታለሁ ብሎኛል። የአንቺን ሥራ አልፈልግም። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር አትጻፊልኝ።

ኡስማን ይማም


አርዲቦ ዳር፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒክማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

አትጻፊ ብልሽ ሳትጽፊ ቀረሽ። ወር ከአምስት ቀን ሆነ። ዝምታሽ ከስድብሽ ባሰብኝ።

የሰሚሃ ባል መጠቁሙን አመጣ። በእርግጥም በአንድ ቀን ነው የጨረሰው። «ሞተ» የሚለውን ቃል እንደ ሰው ቆጥሮ መቶ ሃያ ገጽ ቁጥር ሰጥቶታል። ሦስቱ ኡስማኖች አንድ ሆነናል፤ የሕፃኑ ቀብር በኔ ስም ገብቶ እኔ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተቀብሬያለሁ። ተናድጄ ወረቀቱን ይዤ ዝናው ዘንድ ሄድኩ፤ ተናድጄ የምሄደው ሁልጊዜም እሱ ዘንድ ነው። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። አሰገደች አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«እስቲ አንብብልኝ» አለኝ። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል።

የራሱን አነበብኩለት። የአባቱን አነበብኩለት። ደስ አለው።

«የሰዑድንስ?» አለ።

«ሰዑድ ይማም፣ 14፣ 22፣ 41፣ 60፣ 77።»

«ከዛስ?»

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

ዝናው ቀና አለ። «እኔ የቆፈርሁለትስ የት ገባ?» አለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። አሰገደች እንዝርቷን አስቀመጠች። «ተወው ዝናው፤ ሰውየው አያፍርም፣ ሃያ ስድስት ዓመት አላፈረ» አለችው። ወደ ደጅ ወጥታ አልተመለሰችም። እኔም ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን እጽፍልሻለሁ። እንዳለ ጻፊው፤ አታሳምሪው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስህን የምትባል ሴት ሐይቁ ዳር ብቻዋን ትኖር ነበር። ዓሣ አድርቃ ትሸጣለች። ባል የላት፣ ዘመድ የላት። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከቅሬው ዳኛ ጋር ተጣልታ «እናንተ ሀብታም ሲሞት ነው የምታለቅሱት» አለችው። ሐሰት አልተናገረችም፤ ስለዚህ አልማራትም። ከቅሬው ወጣች ተባለ። በጥር 1991 ሞተች። ዳኛው ዶማ የሚያነሳ እንዳይኖር ብሎ አስነገረ። አባትሽ ብቻውን ሄዶ ቆፍሮ ቀበራት።

በማግሥቱ ተሰበሰብን። ዳኛው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለና ወሰነ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰዑድ ይማም ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥቷል። ቢታመም ደጁ አይረገጥም፤ ቢሞት ዶማ አይነሳለትም።» አባትሽ ፊት ለፊቴ ቆሞ ስጽፍ ያየኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

በሚያዝያ ንዳድ ያዘው። ደጁን አልረገጥኩም። በስምንተኛው ቀን ሞተ። ቅሬው ውስጥ ሰማንያ አራት አባወራ ነበርን። ዝናው ጌታሁን ዶማውን ይዞ ወጣ፤ አሰገደች አካፋውን ይዛ ተከተለችው። ሴት መቃብር ስትቆፍር አገራችን ያን ቀን ነው ያየው። ቦታው የዝናው ማሳ ዳር ነው፤ ቅሬው የመቃብሩን ቦታ ከልክሏል። እናትሽና ሁለት ሴቶች አጠቡት። ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ገበያ ይወርድ የነበረ አንድ መንገደኛ ሼህ ሰገደበት። መሬቱ ድንጋያማ ነው። ዶማው ድንጋይ ሲመታ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ከጧት እስከ ዙህር ሶላት ሰማሁት። በሩን ዘግቼ መዝገብ ስገለብጥ ነበር።

ዝናውን ከቅሬው እናውጣው የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። አፍረን ነበር። ግን ማፈራችንን የተናገረ የለም። እናትሽን ቤቴ ያስገባሁት ከጽድቅ ቆጥሬው አይደለም፤ ቅጠሉን በምላጭ የቆረጥኩትም ያን ሳምንት ነው። ኑርሀያት ዝም ያለችው በኔ ጣራ ሥር ስለነበረች ነው። ይህንንም አውቀው ነበር። ስትጠይቂኝ ማሳው ዳር ብወስድሽ ለምን እዚህ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅጠሉ እስካሁን አለኝ። ፎቶውን ሱረያ ከዚህ ጋር ትልክልሻለች። የፈለግሽውን አድርጊ።

ኡስማን


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኡስማን ይማም፣

ወዓለይኩሙሰላም።

ስምንት ቀን የዘገየሁት እየጻፍኩ ስለማጠፋ ነው። ከንዴት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎ። ጽሕፈትዎ እውነትም ያምራል። «ዶማ አይነሳለትም» የሚለውን መስመር እንዴት አድርገው ቀጥ አድርገው ጻፉት? አንድ ፊደል እንኳ አልተጣመመም። ብትጣመምልኝ አንድ ነገር ባገኘሁ ነበር።

ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ንዴቴን ግን አይቀንሰውም።

አሁን ስለ ሥራው። የጻፉልኝን አንድ ቃል ሳልነካ በመጨረሻው ገጽ አስገብቼዋለሁ። ገጽ 131 ነው፤ ከመጠቁሙ ፊት ለፊት። ቅጠሉንም ከሥሩ አትሜዋለሁ። ከዚያ የባለሙያዎቹን ፕሮግራም ከፈትኩ። «ሰዑድ ይማም፣ ቀብሩ፣ 131» ብዬ አስገባሁ። የጎደለ አሳየኝ ስለው ሠላሳ ዘጠኝ ስም ብቻ አመጣ። ያን ቁጥር ሳይ አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም። ስህንንም አስገባሁ። «አሰገደች፣ የቆፈረች፣ 131» አልኩ፤ ጉዳዩ «የቆፈረ» ብቻ ስለነበረ ለእሷ አዲስ መክፈት ነበረብኝ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ግን ሳልነግርዎ ማሳተም አልፈልግም። ተደብቆ መሥራት የአንቱ ነው። አንድ ሌላ ጉዳይ ጨመርኩ፤ «ያልወጣ» ይላል፤ ለአባቴ ቀብር ማለቴ ነው። የ1991ን የአባላት ዝርዝር ይዤ ከሀ እስከ ፐ ሄድኩበት። ከጋሽ ዝናው በቀር ሰማንያ ሦስት ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር «ያልወጣ፣ 131» ብዬ አስገባሁ። ማሽኑ ይህን በአንዴ ሊያደርግልኝ ይችል ነበር። አልፈቀድኩለትም። አንድ በአንድ በእጄ ነው የጻፍኩት፤ አንቱም በእጅዎ ነበር የጻፉት። «ኡስማን ይማም» ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ጻፍኩ።

ሰው መጽሐፉን ከኋላ ገልጦ የአባቱን ስም ይፈልጋል ብለውኛል። ይፈልግ።

ወይ እንዲህ ሆኖ ይታተማል፣ ወይ የሰሚሃን ባል መጠቁም ያትሙ። ሌላ አልሠራም። ፋይሉን ደሴ ለማተሚያ ቤቱ ልኬዋለሁ፤ እሺ ወይም እምቢ የሚሉት አንቱ ነዎት።

ሒክማ


አርዲቦ ዳር፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒክማ ሰዑድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለታላቁ ወር ያደረሰን አላህ ይመስገን፤ ጾምሽን ይቀበልሽ።

ደሴ ራሴ ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ልጅ «አባባ፣ ከኋላ ያለው ቁጥር ተሳስቷል መሰለኝ፤ ሁሉም ላይ 131 ይላል» አለኝ። አልተሳሳተም አልኩት። ፈረምኩ።

መጽሐፉ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ዓርብ ታደለ። ቅሬው በሙሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ዝናውን በቃሬዛ ነው ያመጡት፤ ሕያው ሰው በቅሬው ቃሬዛ ሲመጣ መጀመሪያው እኔ ነኝ እያለ ይቀልዳል። ስለ ቅሬው ታሪክ ንግግር ላደርግ አስቤ ነበር። ማን ይሰማኛል! ሁሉም መጽሐፉ እጁ እንደገባ ከኋላ ገለጠ። ትንሽ ቆይቶ የኢምራን ልጅ «አባቴ 131 ላይ ምን አድርጎ ነው?» አለ። ከጎኑ ያለው «የኔም አባት 131 ነው» አለው። ከወዲያ ደግሞ ሌላው። ከዚያ የሚሰማ የገጽ ድምፅ ብቻ ሆነ። መቶ ምናምን ሰው አንድ ገጽ ላይ ገብቶ ቀረ።

የዳኛው ልጅ ተነሥቶ ጮኸብኝ። አባቴን ከሞተ በኋላ አዋረድከው፣ ይሄ የአረብ አገር ተንኮል ነው አለ። ጽሕፈቱ የማነው ብሎ ጠየቀኝ። የኔ ነው አልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት። መጽሐፉን ወርውሮ ሄደ። ሁለት ሦስት ሰው ገጹን ቀድዶ ኪሱ ሲከት አይቻለሁ። ገጹን ቢቀድዱትም ቁጥሩ ከኋላ ቀርቷል፤ የት እንደሚያደርጉት እንጃ። ሌሎቹ ግን ተነሥተው ወደ ዝናው ሄዱ። እጁን ሊስሙት ሲሉ «ለኔ አይደለም፣ ለሷ ነው» ብሎ ወደ አሰገደች አሳያቸው። እሷ እጇን አልሰጠቻቸውም። «አሁን ምን ያደርግልኛል? ያኔ አካፋውን ብትቀበሉኝ ኖሮ» አለቻቸው።

ከዒድ በኋላ ባለው ሐሙስ ቅሬው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ እንዲወጣ ተወስኗል። የአባትሽን መቃብር ዙሪያውን በድንጋይ ይክባሉ፤ የስህንንም እንዲሁ። የቀረ እንደ ደንቡ ይቀጣል። እኔም እወጣለሁ፤ ጉልበቴ ባይችልም ድንጋይ አቀብላለሁ።

ልጄ፣ ነይ። ክፍልሽን አስቀብቼዋለሁ። እጅሽን ይዤ እኔው ራሴ ወስጄ አሳይሻለሁ።

አጎትሽ ኡስማን


ሻርጃ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኡስማን ይማም፣

ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ።

ትኬት ቆርጫለሁ፤ ከሐሙሱ ሁለት ቀን ቀድሜ እገባለሁ። ደሴ ድረስ የሚቀበለኝ ሰው አያስፈልግም።

ክፍሉን ስላስቀቡልኝ አመሰግናለሁ። የማርፈው ግን ጋሽ ዝናው ቤት ነው። እትዬ አሰገደችን አስጠይቄ እሺ ብላኛለች። መቃብሩንም የምታሳየኝ እሷ ናት።

አንቱማ አንድ ጊዜ አሳይተውኛል።

ሒክማ ሰዑድ